ለዘር የሚሆን ድንች ከጆንያ አይመረጥም

በእኛ በግዳን ደጋ፣ ሙጃ ላይ፣ ግንቦት ፈታኝ ወር ነው። የመኸሩ እህል ከጎተራ ተራግፏል፤ የበልጉ ገብስ ገና አልደረሰም። እህል መሸመት ግድ የሆነበት ቤተሰብ ኪሱ የሚራቆተው ያን ጊዜ ነው። በእኛ ሰፈር ይህን ወር ብዙ ሳይጨነቁ የሚያልፉትን ቤቶች ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ አብዛኞቹ ከጓሯቸው የድንች መደብ አላቸው።

የሳይንስ መምህርት ነኝ። ድንች ማልማትን የተማርኩት ግን ከእናቴ ጓሮ ነው። ዛሬ የራሴን መደብ እቆፍራለሁ፣ እኮተኩታለሁ፣ ተማሪዎቼንም እየጠራሁ አሳያለሁ። ስለ ድንች ሲወራ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ውሃውና ስለ መድኃኒቱ ብዙ ይባላል። ስለ ዘሩ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ትልልቁን ድንች እንሸጣለን፣ መካከለኛውን እንበላለን፣ ጆንያው ሥር የቀረውን ኮሳሳ ደግሞ ለዘር እናስቀምጣለን። ከዓመት ዓመት "መሬቱ ደከመ፣ ድንቹ አነሰ" እያልን ለምናማርረው ነገር አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ልማድ ነው። መፍትሔው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት ችካልና አስተዋይ ዓይን ይበቃዋል።

የደጋ ሰብል

ድንች የተገኘው ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአንዲስ ተራሮች ነው። ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ በሚዋሰኑበት በቲቲካካ ሐይቅ አካባቢ ገበሬዎች ድንችን ማልማት ከጀመሩ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል። አገሩ ከፍታ ነው፤ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ። የእኛም የላስታና የግዳን ደጋ እንዲሁ ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አየሩን ያበርደዋል፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ድንች ኮረት መቋጠር የሚወደው አፈሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ነው። ሙቀቱ እየበረታ ከሄደ ቅጠሉ ይንዠረገጋል እንጂ ከሥሩ የሚገኘው ምርት ትንሽ ይሆናል። ብርዱን ስናማርር የምንረሳው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ለድንች ብርዳችን ሀብት ነው።

ወደ አገራችን ድንችን ያመጣው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል፤ ጊዜውም 1858 እ.ኤ.አ. ነው። ሺምፐር በ1837 እ.ኤ.አ. ገብቶ፣ ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ ዕድሜውን እዚሁ ኖሮ በ1878 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ ያረፈ ሰው ነው። ድንቹ ግን ወዲያው አልተስፋፋም። ገበሬው በብዛት የያዘው አባቶቻችን "ክፉ ቀን" ብለው ከሚጠሩት፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ከዘለቀው ረሀብ ወዲህ ነው። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። በዚያ ዘመን ከብቱን ደስታ የሚባለው በሽታ ፈጅቶታል፤ በሬ ያለቀበት ገበሬ ማረስ አልቻለም። ድንች ግን ሞፈርና ቀንበር ሳይጠይቅ በዶማ ይለማል።

ይህ የድንች ጠባይ በእኛም ዘመን ታይቷል። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላንና አካባቢውን ሲያዳርስ መንገድ ተዘጋ፣ ገበያ ተበተነ፣ መብራት ጠፍቶ ወፍጮ ቆመ። እህል ያለው ሰው እንኳ ማስፈጫ አጣ። ድንች ግን ወፍጮ አያስፈልገውም፤ ከአፈር አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ከነልጣጩ ቀቅሎ በጨውና በበርበሬ መብላት ነው። ያን ሰሞን በጓሯቸው ድንች የነበራቸው እናቶች ልጆቻቸውን ያበሉት ከዚያ ነው። የጓሮ መደብን እንደ ትርፍ ነገር የሚያይ ሰው ያን ጊዜ ያስታውስ እላለሁ።

መደቡን ማዘጋጀት

ለድንች የሚመረጠው ቦታ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ከባሕር ዛፍ የራቀ መሆን አለበት። የባሕር ዛፍ ሥር እርጥበቱን ይጠጣዋል። መሬቱ ዋልካ ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጎ፣ ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ መቅደድ ያስፈልጋል። ሌላው ጥብቅ ደንብ ባለፉት 3 ዓመታት ድንች፣ ቲማቲም ወይም በርበሬ በነበረበት ቦታ ላይ ድንች አለመትከል ነው። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ዕፀዋት ናቸው፤ የአንዱ በሽታ አፈር ውስጥ ቆይቶ ሌላውን ይይዛል። በመሀሉ ባቄላ፣ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ገብስ ማፈራረቅ መልካም ነው።

ፍግን በተመለከተ በእኛ አገር አንድ ችግር አለ። እንጨት ስለሌለ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ሁሉንም ለመሬት ስጡ ብል ምን ልታነዱ ነው? ስለዚህ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከበረቱ የሚጠረገውን ጭድና ገለባ የተቀላቀለበት እበት፣ የጓዳውን ልጣጭና የጎመኑን ቅጠል አንድ ጉድጓድ ውስጥ እየጨመርኩ ከክረምት እስከ ጥር አበሰብሰዋለሁ። የምድጃውንም አመድ በስሱ እበትንበታለሁ፤ አመድ ድንች አጥብቆ የሚፈልገውን ፖታሽየም ይዟል። በመደቡ ሁሉ ላይ ሳይሆን በየትልሙ ሥር ብቻ ከተደረገ ጥቂቱ ፍግ ብዙ ያገለግላል። ያልበሰበሰ ትኩስ እበት ግን አታድርጉ፤ ድንቹን ያቃጥለዋል፣ ተባይም ይጠራል።

የምንተክለው የካቲት አጋማሽ ላይ፣ የበልጉ ዝናብ አፈሩን ካራሰ በኋላ ነው። ቀደም ካለ ቡቃያውን ውርጭ ይመታዋል፤ ከዘገየ ደግሞ ምርቱ ሳይደርስ የክረምቱ ዶፍና ጉም ይደርስበታል። በትልምና በትልም መካከል 75 ሴንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። ሜትር ለሌለው ሰው የመጀመሪያው አንድ ክንድ ተኩል፣ ሁለተኛው አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ያህል ነው። የዘር ድንቹ የዶሮ እንቁላል የሚያክል ሆኖ፣ ጉንቁሉ ወደ ላይ እንዲያይ ተደርጎ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ይቀበራል።

ስሌቱን ለተማሪዎቼ የማሳያቸው እንዲህ ነው። ርዝመቱ 5፣ ስፋቱ 4 ሜትር የሆነ ጓሮ 20 ካሬ ሜትር ነው። በተጠቀሰው ርቀት ወደ 88 ተክሎች ይይዛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዘር ከ4 እስከ 5 ኪሎ ነው። እያንዳንዱ ተክል በመጠኑ ግማሽ ኪሎ ቢሰጥ 44 ኪሎ፣ ደህና ሆኖ አንድ ኪሎ ቢሰጥ 88 ኪሎ ድንች ይገኛል። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቤተሰብ ለሳምንታት የሚበላው ምግብ ነው፤ ልዩነቱን ከሚያመጡት ነገሮች ዋናው ደግሞ ዘሩ ነው።

አፈር ማስታቀፍ

ቡቃያው አንድ ስንዝር ሲሆን አረሙ ይነቀላል፣ አፈሩ ተኮትኩቶ ከግንዱ ሥር ይታቀፋል። ከ3 ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ከማበቡ በፊት፣ ደግሞ ይደገማል። ብዙ ሰው ይህን ሥራ ለአረም ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ድንች የሚቋጠረው በሥሩ ላይ ሳይሆን ከግንዱ ወጥተው በአፈር ውስጥ ወደ ጎን በሚሄዱ ቀጫጭን ቅጥያዎች ጫፍ ላይ ነው። ግንዱ በደንብ ሲቀበር ቅጥያው ይበዛል፣ ለሚወፍረውም ድንች ልል አፈር ይገኝለታል። ከዚህ በላይ አፈሩ ድንቹን ከሁለት ጠላት ይሸፍነዋል፤ ከፀሐይና ከቅጠሉ ላይ ከሚወርድ በሽታ።

ፀሐይ ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ቀለም ራሱ ጉዳት ባይኖረውም ሶላኒን የሚባል መራራ መርዝ አብሮት እንደተሠራ ይነግረናል። መቀቀል አያጠፋውም። እንዲህ ያለ ድንች ለልጅም ለአዋቂም አይሰጥ። ለዘር ግን ይሆናል።

ሁለቱ ትልልቅ በሽታዎች

ጉም ሲበዛ፣ ቀኑ እያካፋ ሲውል በቅጠሉ ጫፍና ዳር ላይ ውሃ የነካው የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። በማለዳ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ብታዩ በነጠብጣቡ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ አለ። ገበሬው ምች መታው ይላል፤ የግብርና ባለሙያዎች ሌት ብላይት ይሉታል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳውን እሳት የበላው ያስመስለዋል። ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ለጨረሰው ረሀብ መነሻው ይኸው በሽታ ነበር፤ ሕዝቡ ሕይወቱን በድንች፣ ያውም በጥቂት ዓይነት ድንች ላይ ጥሎ ስለነበር በሽታው ሲመጣ መሸሻ አላገኘም። እኛ በልግ ላይ የምንተክልበት አንዱ ምክንያት የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ከመጠናከሩ በፊት ድንቹ እንዲያመልጥ ነው። መድኃኒት የሚረጭ ሰው ደግሞ ማንኮዜብን የመሰለውን መከላከያ በሽታው ሳይገባ አስቀድሞ፣ አፍንጫና እጁን ሸፍኖ፣ በባለሙያ ምክር ይርጭ። በሽታው ከተንሰራፋ በኋላ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው አጠውልግ ነው። ተክሉ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ በቀትር ይጠወልጋል፣ ማታ ያገግማል፤ በመጨረሻ ሳይነሣ ይቀራል። ውሃ ጥማት መሆኑንና አለመሆኑን ለመለየት ለተማሪዎቼ የማሳያቸው ቀላል ፈተና አለ። ከጠወለገው ተክል ግንድ ከሥሩ በኩል አንድ ጣት የሚያህል በንጹሕ ቢላ እንቆርጣለን። ንጹሕ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን አስነክተን ሳናነቃንቅ እንይዘዋለን። ባክቴሪያው ካለ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት ነጭ የሆነ ክር ወደ ታች ይወርዳል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ለዚህ በሽታ የሚረጭ መድኃኒት የለም። ተክሉን ከነአፈሩና ከነድንቹ ነቅሎ ከጓሮ ማራቅና መቅበር፣ ዶማውን ማጠብ፣ በዚያ ቦታ ለዓመታት ድንች አለመትከል ብቻ ነው መፍትሔው። ከአንድ ጓሮ ወደ ሌላ ጓሮ በዋናነት የሚጓዘውም በዘር ድንች ነው።

ዘሩን መምረጥ

ወደ ዋናው ነገሬ መጣሁ። ድንች እንደ ገብስ ከፍሬ አይዘራም፤ ከእናቱ አካል ተቆርሶ የሚተከል ያህል ነው። ስለዚህ እናቲቱ የያዘችውን በሽታ ልጁም ይወርሰዋል። በተለይ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምታቸው ቫይረሶች ድንቹን አያበሰብሱትም፤ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ሲተከል ግን ተክሉ ይቀጭጫል፣ ጥቂትና ደቃቃ ድንች ይሰጣል።

እዚህ ላይ ነው ልማዳችን የሚጎዳን። ጆንያ ውስጥ ያለ ትንሽ ድንች ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ከጤነኛ ተክል፣ ከትልልቅ ወንድሞቹ መካከል ሳይወፍር የቀረ ነው። ሁለተኛው ከታመመ ተክል፣ ከዚያ በላይ ማደግ ስላልቻለ ትንሽ የሆነ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቀላቀሉ የሚለያቸው ዓይን የለም። የታመመ ተክል የሚሰጠው ድንች በአብዛኛው ደቃቃ ስለሆነ፣ ደቃቃውን ለቅመን ስንተክል በየዓመቱ በሽታውን እየመረጥን ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ዘር የሚመረጠው ተክሉ በቁሙ ሳለ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሚያዝያ ላይ ድንቹ ማበብ ሲጀምር፣ ተክሎቹ ተጠጋግተው መለየት ከማስቸገራቸው በፊት፣ ጥቂት ችካሎች ይዛችሁ ወደ መደቡ ግቡ። ቅጠሉ ወጥ አረንጓዴ የሆነ፣ ግንዱ ወፍራምና ብዙ የሆነ፣ ቁመቱ ከጓደኞቹ የማያንስ ተክል ባያችሁ ቁጥር አጠገቡ ችካል ትከሉ። ቅጠሉ እንደ ጽዋ ወደ ላይ የተጠቀለለ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተዥጎረጎረ፣ የተጨማደደ ወይም የቀጨጨ ተክል አይመረጥም። ከ2 ሳምንት በኋላ ተመለሱና ድጋሚ እዩ፤ ችካል ከተተከለላቸው መካከል የታመመ ካለ ችካሉን ንቀሉ። በቁፈራ ጊዜ ችካል ያላቸውን ከሌሎቹ አስቀድማችሁ አንድ በአንድ ቆፍሩ፤ የእያንዳንዱን ምርት እዚያው ሥሩ ላይ ከምሩት። ብዙና መልከ መልካም ድንች የሰጠው ብቻ ለዘር ይያዝ፤ ላዩ አምሮ ከሥሩ ጥቂት የሰጠው ለምግብ ይሂድ።

ለ20 ካሬ ሜትር መደብ 88 የዘር ድንች ያስፈልጋል ብለናል። ጥሩ ተክል እንቁላል የሚያክሉ ከ6 የማያንሱ ድንቾች ቢሰጥ 15 ያህል ተክል ይበቃል። የሚጣለውን አስበን 25 ተክል ላይ ችካል ብንተክል ከበቂ በላይ ነው። ይህን ዘዴ ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል ኬንያ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር ሞክሮት፣ እንደ ልማዳቸው ዘር ከያዙበት ማሳ ጋር ሲነጻጸር ምርቱ በአማካይ 30 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ማዳበሪያ ሳይጨመር፣ አዲስ ዘር ሳይገዛ ማለት ነው።

ምርጫው አጠውልግን ግን አያድንም። አንድ መደብ ላይ አጠውልግ ከታየ ከዚያ መደብ ዘር መያዝ የለበትም፤ ጤነኛ የሚመስለውም ቢሆን። ያን ጊዜ ከታወቀ ዘር አባዥ ወይም ከግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቆ አዲስ ዘር መጀመር ይሻላል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው እንደ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ያሉት ዝርያዎች በብዙ ደጋ አካባቢ ታውቀዋል። አዲስ ዘር ጥቂት ኪሎ ብቻ ቢገኝ እንኳ በችካል እየመረጡ በራስ ጓሮ ማብዛት ይቻላል።

ማውጣትና ማስቀመጥ

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ከተከልን ወደ 3 ወር ሲሆነው፣ ለዕለት ምግብ መውሰድ እንጀምራለን። እናቴ ተክሉን አትነቅልም። በጣቶቿ ከጎን አፈሩን ጫር ጫር አድርጋ የደረሰውን አንድ ሁለት ድንች ታወጣና አፈሩን መልሳ ታቅፈዋለች። የቀረው ማደጉን ይቀጥላል። የክፉ ወር ማለፊያ ይህ ነው። ችካል ያለባቸው ተክሎች ግን አይነኩም።

ዋናው አወጣጥ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ግንዱ ከመሬቱ ልክ ይታጨድና ድንቹ እስከ 2 ሳምንት አፈር ውስጥ ይቆያል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ልጣጩ ይጠነክራል፤ በቅጠሉ ላይ ያለው በሽታም ሲቆፈር ድንቹን አይነካውም። መድረሱን ለማወቅ አንዱን አውጥታችሁ ልጣጩን በአውራ ጣት ግፉት፤ ካልተላጠ ደርሷል። ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን፣ ዶማውን ከተክሉ ራቅ አድርጎ በማስገባት አፈሩን ከሥር ማንሳት እንጂ መሀሉን መምታት አይገባም። የተቆረጠውና የተላላጠው ለብቻው ተለይቶ በዚያው ሳምንት ይበላ። ድንቹን ማጠብ አያስፈልግም፤ አፈሩ ደርቆ በእጅ ይራገፋል።

ከዚያ ወዲያ የምግብና የዘር መንገድ ይለያያል። ለምግብ የሚሆነው ጨለማ፣ ቀዝቃዛና አየር የሚያገኝ ቦታ ይፈልጋል፤ በተዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ከታጨቀ ይሞቅና ይበሰብሳል። ነሐሴ ላይ ለፍልሰታ ጾም አልጫውም ወጡም የሚሠራው ከዚሁ ነው። ለዘር የሚሆነው ግን ጨለማ አይወድም። ጨለማ ውስጥ የሚያወጣው ጉንቁል ረጅም፣ ነጭና ሲነኩት የሚሰበር ይሆናል። የቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው፣ ብርሃን ግን የሚገባበት ቦታ ላይ ከተቀመጠ ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል። እኔ ከቤቱ ጣሪያ ክፈፍ ሥር ከቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት የተሠራ ቆጥ አለኝ። ዘሩን ሁለት ሦስት ድርብ ብቻ አድርጌ እዘረጋዋለሁ፣ የበሰበሰ ካለ እለቅማለሁ፣ ክሽክሽ መኖሩን እመለከታለሁ። ከሐምሌ እስከ የካቲት 7 ወር ያህል ነው፤ በዚህ አያያዝ ይደርሳል።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፣ ጓሮ ያላችሁ ሁሉ በሚቀጥለው ሚያዝያ ድንቻችሁ ሲያብብ ችካል ይዛችሁ ግቡ። ከጤነኛው ምረጡ፣ ለየብቻው ቆፍሩ፣ ለዘር የለያችሁትን ደግሞ ገበያው ምን ያህል ቢያጓጓ አትንኩት። የተረፋችሁን ጥሩ ዘር ለጎረቤት ስጡ፤ የእሱ ጓሮ ከተበከለ የእናንተም አይድንምና።